የዓዲ ሓቂ መጋዞች

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ሊቆረጥ ሲል ሰፈሩ ቀደም ብሎ ያውቅ ነበር። ባለቤቱ ግራ ቀኙን ያማክራል። ጎረቤት የቆርቆሮ አጥሩን ያላላል፤ በግ ያሰረ ይፈታል፤ ልብስ ያሰጣች ትሰበስባለች። እናቶች ለቅርንጫፉ አስቀድመው ቃል ያስይዛሉ፤ «ጭራሮው ለእኔ፣ ቅጠሉ ለእሷ» ተባብለው ይካፈሉታል። ቆራጮቹ በዋዜማው መጥተው ዛፉን ይዞሩታል፤ ወዴት እንዳዘመመ ያያሉ፤ ነፋስ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳና ሥሩ አጠገብ የተቀበረ ቧንቧ እንዳለ ይጠይቃሉ። አሁን ዛፍ መቆረጡን የምናውቀው ሞተሩ ሲያጓራ ነው። አቦል የተቀዳለት ሰው በረካ ሳይደርስ ዛፉ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ይህን ሥራ ከታች ጀምሬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ገመድ ያዥ ነበርኩ፤ ቀጥሎ የሁለት ሰው መጋዝ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ በኋላ የሞተር መጋዝ ገዝቼ፣ ልጆች ቀጥሬ፣ በኮንትራት ዛፍ የምቆርጥ ሰው ሆንኩ። ስለዚህ ያለፈው ሁሉ ደግ፣ የአሁኑ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አልተነሳሁም። ፋስ ትከሻ ይጨርሳል፤ የሁለት ሰው መጋዝ ወገብ ይሰብራል፤ ወደዚያ ተመለሱ የምለው ሰው የለም። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ማሽን እየመረጥን መግዛት ከጀመርን ወዲህ፣ የትኛው ዛፍ መቆረጥ እንዳለበት የሚወስነው ቀስ በቀስ ማሽኑ ሆኗል።

ያኔ የቆራጭ ንብረት ሁለት ፋስ፣ አንድ የሁለት ሰው መጋዝ፣ ጥቂት የብረት ሽብልቅ፣ መዶሻና ወፍራም የመኪና ገመድ ነበር። ፋስ የሚመረጠው ከብረቱ ይልቅ በዛቢያው ነው። ሥራውን ያስተማሩን ሽማግሌ፣ ሁላችንም አቦይ የምንላቸው፣ ከወይራ በቀር ዛቢያ አይቀበሉም፤ እሱም ቢሆን ፀሐይ ሳያገኘው ጥላ ውስጥ የደረቀ መሆን አለበት። መጋዙን ማንም እንዲስልላቸው አይፈቅዱም ነበር። ብረቱን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ያጣብቁና ጥርሶቹን አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያዘነበሉ በሞረድ ይሄዱበታል። ሲጨርሱ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጥርሱ ላይ ያስነኩታል። ጥርሱ ጥፍሩን ነክሶ ከያዘ ተስሏል፤ ከተንሸራተተ ሥራው ገና ነው። «ወደይ (ልጄ)፣ ጥፍርህን ካልነከሰህ አትነሳ» ይሉኝ ነበር።

ወፍራም ባሕር ዛፍ በዚያ መሣሪያ ከጠዋት እስከ ቀትር ይወስዳል። ወይራ ሲሆን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተይዞም ላያልቅ ይችላል። እንጨቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ፋሱን ያነጥረዋል፣ መጋዙን ያደነዝዘዋል። ስለዚህም አቦይ ለሥራ ሲጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ አልነበረም፤ «ለምን ይቆረጣል?» ነው የሚሉት። ቅጠሉ ጣሪያ እያበላሸ ከሆነ ወደ ጣሪያው የዞረውን ቅርንጫፍ አንስተው ይሄዳሉ። ዛፉን ሙሉውን መጣል ለእሳቸው ብዙ ድካም ነው። ከተማው ውስጥ ያሉ አሮጌ ወይራዎች እስከ እኛ ዕድሜ የቆዩት ሰው ስለራራላቸው ብቻ አይመስለኝም። ጥንካሬያቸው ጠብቋቸዋል፤ የሚደፍራቸው ክንድ ጥቂት ነበር።

ገንዘቡም የራሱ አካሄድ ነበረው። ለባሕር ዛፍ ባለ ዛፉ ለቆራጭ አይከፍልም፤ ቆራጩ ነው ለባለ ዛፉ የሚከፍለው። በቁሙ አይተን እንገምታለን፤ ይሄኛው ማገር ይወጣዋል፣ ያኛው ወራጅ፣ ቀጥ ያለው ቋሚ፣ ወፍራሙ ጣውላ፣ ጠማማው ፍልጥ። ግምቱ ከሳተ ኪሳራው የቆራጩ ነው። ይህ ልማድ ዛሬም አለ፤ ሥራችን ወደ መጣል እንዲያጋድል ያደረገውም እሱ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ስትጨነቅ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ፈጥኖ የሚያድገው ይህ ዛፍ ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱ ሆነ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ክርክሩ ስለ ውሃና ስለ እርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በትግራይ በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ተከለከለ። የእኛም ሥራ ወደ ኮረብታውና ወደ ጓሮው ዞረ፤ መኪና የማይገባበት ገደል ጫፍ ላይ ቆርጦ ግንዱን በትከሻ ማውረድ ኑሯችን ሆነ።

መቀሌ መገንባት የያዘችውም ያኔ ነው። የመሰቦ ፋብሪካ ስሚንቶ ማምረት ጀመረ፤ በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የቢዝነስና የኢኮኖሚክስ ትምህርቱም እዚሁ ዓዲ ሓቂ ግቢ ቀረ። ተማሪ ሲመጣ የሚከራይ ክፍል፣ ምግብ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተከተለ። ፎቅ የሚሠራ ሁሉ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ የሚደግፍበት አጣና ይፈልጋል፤ አንድ ወለል ብዙ ጭነት ይበላል። በሁለት ሰው መጋዝ የሚደረስበት ፍላጎት አልነበረም።

የሞተር መጋዝ ወደ እጃችን የገባው በዚህ ግፊት ነው። ለዓለም አዲስ ነገር አልነበረም። ጀርመናዊው አንድሪያስ ስቲል የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መጋዝ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ ያንን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ኩባንያው ለአንድ ሰው ክንድ የሚቀል ብርቱ የቤንዚን መጋዝ፣ ኮንትራ የተባለውን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ነበር የሚያየው። አቦይም ቆመው አዩት። ግንዱ ሲወድቅ ምንም አላሉም፤ ወደ ጉቶው ሄደው የተቆረጠበትን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱት። ልስልስ ነበር። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በትንሹ ዘንበል ተደርጎ በንጹሕ የተቆረጠ ጉቶ ጥሩ ቡቃያ ያወጣል። ፋስ ግን ይቦጫጭቀዋል። ማሽኑ በዚህ እንደሚበልጣቸው ገባቸው፤ ቅር አላላቸውም።

ስንገዛ ዓይናችን የሚያርፈው በምላጩ ርዝመትና በሞተሩ ጉልበት ላይ ነበር። ዛሬም ልጆቹ እንደዚያው ናቸው። ገበያው ላይ ያሉት በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። 45 ሲሲ አካባቢ የሆነው ያለ ምላጩ ከ5 ኪሎ በታች ይመዝናል፤ ቅርንጫፍና መካከለኛ ግንድ ይበቃዋል። 70 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆነው ወፍራም ግንድ ለመጣልና ጣውላ ለመሰንጠቅ ነው። ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ምላጭ ጉልበት ይበላል፣ የሚሳል ጥርስ ያበዛል፣ ጫፉ የት እንዳለ ሳይታይ ሌላ ነገር ይነካል። ዓዲ ሓቂ ውስጥ በየቀኑ የምንቆርጠው አብዛኛው ለትንሹ መጋዝ የሚበቃ ነው። ትልቁ እንደ ድግስ ጎላ ነው፤ የሚፈለግበት ቀን ጥቂት፣ ሲፈለግ ግን ግድ የሚል። ጎላ ከጎረቤት እንደሚዋሱት ትልቁን መጋዝም ለዕለቱ ተከራይቶ መመለስ ይቻላል።

ከጉልበቱ በፊት መጠየቅ ያለበት መለዋወጫው ነው። ከውጭ ሲያዩት ከዋናው የማይለይ፣ ዋጋው ግን እጅግ የሚያንስ መጋዝ ሞልቷል። ለመጀመሪያው ክረምት ይሠራል። ከዚያ የማስነሻው ገመድ ይበጠሳል፣ የዘይት ፓምፑ ይደርቃል፣ ካርቡራቶሩ አልስተካከል ይላል፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም። መቀሌ እጀ ብርቱ ባለሙያ አላት፤ ብረት ቀጥቅጦ፣ ቆርጦ፣ በይዶ የማይሠራው የለም። የማሽኑ ልኬት በየፋብሪካው የሚለያይ ከሆነ ግን እሱም አቅም ያጣል።

ከፍታው ደግሞ ሻጭ የማይናገረው ነገር ነው። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፤ በካታሎግ የተጻፈው ጉልበት እኛ ጋ አንድ አምስተኛው ቀርቶ ነው የሚደርሰው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሲጫን ይታፈናል። ብሎኑን ጥቂት ጠበቅ አድርጎ ቤንዚኑን መቀነስ መድኃኒቱ ነው። ይኸው የተስተካከለ መጋዝ ለሥራ ወደ ዓፋር ቆላ ሲወርድ ችግሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል። ሳያስተካክል የሠራ ሰው ፒስተን አቃጥሎ ይመለሳል። ስንት ጥሩ መጋዝ በዚህ ምክንያት ብቻ «የማይረባ» ተብሎ እንደተጣለ ሳስብ ይቆጨኛል።

ቤንዚንና ዘይቱም እንዲሁ። ለእነዚህ ሞተሮች የተሠራ ጥሩ ዘይት ሲሆን ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ተራ ዘይት ከሆነ እጥፉን ይፈልጋል። ልጆቹ ግን በዓይን ይለካሉ። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ውሃም ላምባም ሊሆን ይችላል። ለካቴናው ማለስለሻ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀም ብዙ ነው፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይበላዋል፣ የተረፈው ደግሞ ዛፍ ሥር ይንጠባጠባል። የበጋው አቧራ ሌላ ጣጣ ነው። የአየር ማጣሪያው ማታ ማታ ካልተጠረገ ጠዋት ሞተሩ ይነጫነጫል።

ካቴናው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነውና። የተሳለ ካቴና ፍቅፋቂ ይወረውራል፤ የደነዘዘ ዱቄት ያወጣል። ከመጋዙ ሥር የሚወጣውን በመዳፍ ተቀብሎ ማየት ብቻ ነው። በከተማ ዛፍ ውስጥ የማይገኝ ብረት የለም። አንዱ የልብስ ማስጫ ሽቦ ያስርበታል፤ ሌላው የኪራይ ማስታወቂያ በምስማር ይመታበታል፤ ዛፉ እያደገ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ መጋዙ ሲደርስበት የእሳት ፍንጣሪ ይወጣና የቀኝ በኩል ጥርሶች ሁሉ ይታጠፋሉ። እንደዚያ ሲሆን የሞተሩ ጉልበት ምንም አይፈይድም። ክብ ሞረድ ይዞ መቀመጥ፣ በ30 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ መግፋት፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል መግፋት ነው፤ ቀኙ ከግራው ካጠረ መጋዙ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ አንድ ጎን ይጠመዛል። አቦይ ሞተሩን አንድ ቀን እንኳ አስነስተውት አያውቁም። ካቴናውን ግን ተቀብለው ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ የሳሉልን እሳቸው ነበሩ። ሲጨርሱ ያው ጥፍራቸውን ያስነኩታል። ልጆቹ አሁን ካቴና ሲደነዝዝ አዲስ ይገዛሉ፤ መግዛት ካቃታቸው በደነዘዘው ይታገሉበታል። በደነዘዘ ካቴና የሚገፋ ሰው ይደክማል፣ ምላጩ ያመልጠዋል፣ ይቆረጣል። ሞረዱ ከመጋዙ ጋር አብሮ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም።

ሰው መቆረጡን ካነሳሁ ዝም ብዬ አላልፈውም። መጋዙ በብዙ ሺህ ብር ይገዛል፤ የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያና ጠንካራ ጫማ ግን ቅንጦት ነው ተብሎ ይቀራል። ጭንን ከካቴና የሚከላከል ሱሪ አለ፤ ካቴናው ሲነካው ውስጡ ያለው ክር ተተርትሮ ማሽኑን ያንቀዋል። እኛ ጋ የቀን ሠራተኛው በኮንጎ ጫማ ነው ዛፍ ላይ የሚወጣው። የምላጩ ጫፍ የላይኛው በኩል ጠንካራ ነገር ሲነካ መጋዙ ወደ ሰውየው ፊት ተወርውሮ እንደሚመለስ ማንም አልነገረውም። አንድ ጎበዝ ልጅ እግሩን በዚህ ሥራ አጥቷል፤ ያሠራው ሰው ካሳ ብሎ የሰጠው የአንድ ወር ደመወዝ የማይሞላ ነበር። ቀጣሪ የሆንን ሁሉ በዚህ ልናፍር ይገባናል።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከመጋዙ ቀጥሎ የሚገዛው ቅርንጫፍ የሚከትፍ ማሽን ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወዳጄ ከውጭ ሊያመጣልኝ ጠይቆኝ ነበር። አልፈለግሁም። ዓዲ ሓቂ ውስጥ የሚጣል ቅርንጫፍ የለም። ከመውደቁ እናቶችና ልጆች ይደርሳሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታው ይጠረጋል። ቅጠሉ ምጣድ ያሰማል፣ ጭራሮው ወጥ ያበስላል። ጉቶውም ቢሆን ለብቻው ገዥ አለው፤ በዶማ ቆፍሮ አውጥቶ የሚፈልጠው ሰው ይመጣል። መሠረት የሚቆፍር ቤት ሠሪ ሲሆን ብቻ ኤክስካቫተር በሰዓት ይከራያል። ለጭነት አይሱዙ አለ፤ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ግን ጋሪ ይቀድመዋል። ይህን ሁሉ የምለው ማሽን ከቦታው ጋር መማከር እንዳለበት ስለማምን ነው። የሌላ አገር የሥራ ዝርዝር ለእኛ ሰፈር አይሆንም።

ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ በኋላ ነዳጅ ወደ ትግራይ መግባት ሲያቆም፣ መብራትና ባንክ ሲዘጉ፣ መጋዞቻችን ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ፋስ ከየጓዳው ወጣ። ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሞልተው ነበር፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሦስት ድንጋይ ላይ ያበስላል፤ በየግቢው ያለው ዛፍ ከታች ወደ ላይ እየተላጠ አለቀ። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው ደስኣ፣ የጥድና የወይራው ጫካ፣ ከሰል እየሆነ በጆንያ ገበያ ገባ። እናት ለልጇ ቆሎ የምትቆላበት ስታጣ ዛፍ አትቁረጪ የሚላት ሰው አልነበረም፣ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ ዛፋችንን የጨረሰው ሞተር ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም። በዚያ ዘመን አንድ ጠብታ ቤንዚን አልነበረም፤ ዛፉ ግን አለቀ። ብዙ ዓመት ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ ተዳፋቱን ሲከልል፣ እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክል ኖሮ ነበር፤ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አግኝታለች። ያ ሁሉ ድካም በችግር ጊዜ ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላ አየን።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት በፕሪቶሪያ ተፈረመ፤ መብራቱ መጣ፣ ባንኩ ተከፈተ፣ ነዳጁ ተመለሰ። ከጦርነት የተረፈ ወጣት ሥራ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ተበድሮ የሞተር መጋዝ ገዛ። ማንም አይፈርድበትም። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን የመለዋወጫው ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ ካቴና፣ ምላጭ፣ ዘይት፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ዕዳ ያለበት መጋዝ ቆሞ መዋል አይችልም። ፋስ ጥግ ላይ ተደግፎ ወር ቢከርም አይጠይቅም ነበር። ይሄኛው በየወሩ ይጠይቃል። ባለቤቱ ጠዋት ወጥቶ ዛፍ ይፈልጋል፤ በየበሩ እያንኳኳ «ይሄን አንሱት፣ አጥራችሁን ይጥልባችኋል» ይላል። በጦርነቱ ወቅት የተቆረጠውን ችግር አስቆረጠን፤ አሁን ጤነኛ ዛፍ የምንጥለው ክፍያው ስለደረሰ ነው። በዚህ መካከል የተረፈው ጥቂት ወይራና ጥድ የቀድሞ ጥበቃው የለውም። ጥንካሬው ለሞተር መጋዝ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ብቻ ሆኗል።

ከላይ ያቆየሁት የገንዘብ ነገር እዚህ ይመጣል። አንድ ባለ ቤት ጠርቶኝ ጓሮው ውስጥ ያለውን ያረጀ ወይራ ሲያሳየኝ ሁለት ዋጋ እጽፍለታለሁ፤ አንዱ ለመጣል፣ ሌላው ለመግረዝ። የመግረዙ ይበልጣል። ሰው ሁልጊዜ ይገረማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ለመግረዝ ሰው በገመድ ታስሮ መውጣት አለበት፤ ቅርንጫፉ ቅርፊት ገሽልጦ እንዳይወርድ በመጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ራቅ ተብሎ ከላይ፣ በመጨረሻ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበት እብጠት ሳይነካ ቁራጩ ይነሳል። እብጠቱ ከተቆረጠ ቁስሉ አይሽርም፤ ግንዱ ከውስጥ ይበሰብሳል። አናቱን ጨፍጭፎ መተው መግረዝ አይደለም፤ ከዚያ የሚወጣው ቅርንጫፍ ደካማ ነው፣ በነፋስ ተገንጥሎ ሰው ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ለእኔ የሚተርፈው ጭራሮ ነው። ብጥለው ደግሞ ግንዱን እሸጠዋለሁ፤ ስለዚህ በርካሽ እጥልለታለሁ። ባለ ቤቱ ሁለቱን ቁጥር አይቶ ይመርጣል። የሚመርጠውን መናገር አያስፈልገኝም።

ከተማችን አሁን የሚያስፈልጋት ግን መግረዝ ነው። የተረፉት ዛፎች ጥቂት ናቸው፤ ጃካራንዳው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ግራቪሊያው በመብራት መስመር ሥር፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በእግረኛ መንገድ ዳር ነው ያሉት። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ትንሽ መጋዝ፣ ረጅም እጀታ ያለው የእጅ መጋዝ፣ ሁለት ጥሩ ገመድና የራስ ቁር ነው፤ ዋጋው ተደምሮ ትልቁን መጋዝ አያክልም። የከተማው በጀት ለማስወገድ የሚከፍል ከሆነ ለመንከባከብም መክፈል ይችላል። ትምህርት ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በዓመት አንድ ጊዜ ለመግረዝ ጥቂት ቢመድቡ እነዚህ ልጆች ቋሚ ሥራ ያገኛሉ። በየመድረኩ ስለ ተከላ ቁጥር እንሰማለን፤ የቆመውን ስለ መጠበቅ የሚናገር ግን እምብዛም ነው።

ባለፈው ክረምት የጎረቤት ልጅ መጣ። ብድር ተፈቅዶለታል።

«አያ፣ የትኛውን ልግዛ?»

ትንሹን አልኩት። ምክንያቱን ሁሉ ዘረዘርኩለት፤ ክብደቱን፣ መለዋወጫውን፣ ቤንዚኑን፣ በገመድ መውጣት እንደማስተምረው። በትዕግሥት ሰማኝ።

«አያ፣ ልክ ብለሃል። ግን በትንሹ ማን ይከፍለኛል? ለማንሳት ነው የሚጠሩኝ። ያንን ወይራ እኔ ባልቆርጠው ሌላው ይቆርጠዋል፤ ወር ሲሞላ ግን ባንኩ የሚደውለው ለእኔ ነው።»

ትልቁን ገዛ። ጎበዝ ነው፤ ካቴናውንም በአግባቡ መሳል ተምሯል። የመግረዝ ሥራ ሳገኝ እጠራዋለሁ፤ ትንሹን መጋዝና ገመዱን እሰጠዋለሁ፤ ዛፍ ላይ ሲሆን እጁ ለስላሳ ነው፣ እብጠቱን ሳይነካ ይቆርጣል። እንዲህ ያለው ሥራ እስካሁን በወር ከጥቂት ቀን አይዘልም። በቀሪዎቹ ቀናት የሚሠራው በራሱ መጋዝ ነው።